የቢሮ ቆሻሻን ከምንጩ እንዴት መቀነስ ይቻላል?

በመሥሪያ ቤቱ የሚወጣውን ቆሻሻ ለመቀነስ ያሰበ ሰው አዲስ ቅርጫት ከመግዛቱ በፊት የሚጣለውን ነገር ማወቅ አለበት። ስለዚህ በመጀመሪያ ለአምስት የሥራ ቀናት የየዕለቱን ቆሻሻ በላስቲክ ላይ ዘርግታችሁ፣ በየዓይነቱ ለይታችሁ መዝኑና በደብተር መዝግቡ። የትኛው ክፍል ምን እንደሚጥል ከጽዳት ሠራተኞች በላይ የሚያውቅ የለምና ከሁሉ አስቀድሞ እነርሱን ጠይቁ፤ ጓንትም አቅርቡላቸው።

ቅርጫቱ ሲገለበጥ ብዙ ጊዜ የሚታየው በአንድ ገጹ ብቻ የታተመ፣ የቡና አተላና የምሳ ትራፊ ያረጠበው ወረቀት ነው። ደረቅ ሆኖ ቢቀመጥ ኖሮ ታጥቦና ተፈጭቶ እንደገና ወረቀት ሊሆን ይችል ነበር፤ ከረጠበና ከቆሸሸ በኋላ ግን የሚፈልገው የለም። በመሆኑም ሁለተኛውና በእኔ እምነት ዋነኛው እርምጃ እርጥቡን ከደረቁ መለየት ነው። ቡና ከሚፈላበት ቦታ አጠገብ ክዳን ያለው ባልዲ አስቀምጡ፤ አተላውና የፍራፍሬው ልጣጭ ከደረቅ ቅጠል ጋር እየተነባበረ ለግቢው አትክልት ብስባሽ ይሆናል። ሥጋና ዘይት የነካው ትራፊ ስለሚሸትና አይጥ ስለሚጠራ አይጨመርበት። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ የተባለው የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ በዚያ ክምር ውስጥ ከየቢሮው የወጣ ወረቀትና አተላም እንደነበረ ልንዘነጋ አይገባም።

ቀጥሎ ማተሚያዎቹ ሁሉ ሳይታዘዙ በሁለቱም ገጽ እንዲያትሙ አስተካክሉ፤ 500 ሉህ የያዘ አንድ እሽግ 1,000 ገጽ ይወጣዋል። ለስብሰባ በየወንበሩ የታሸገ ውሃ ከመደርደር ይልቅ ጆግና ብርጭቆ ይቅረብ።

ያለቀ የቶነር (የማተሚያ ዱቄት ቀለም) ቀፎ መልሶ ለሚሞላ ባለሙያ ይሰጥ። የተቃጠለ ፍሎረሰንት መብራት በውስጡ ሜርኩሪ ስላለበት ሳይሰበር በካርቶኑ ተመልሶ ለብቻው ይቀመጥ። መብራቱ ከተሰበረ፣ መስኮት ከፍታችሁ ከክፍሉ ውጡ፤ ቆየት ብላችሁም ስብርባሪውን በመጥረጊያ ሳይሆን በወፍራም ወረቀት አፍሳችሁ በሚከደን ዕቃ አኑሩት።

መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ጄኔሬተርም ጭሱ ወደ መስኮት በማይገባበት ቦታ ይተከል፤ ማጣሪያው በወቅቱ ይቀየር፤ ኃይል እንደተመለሰም ወዲያው ይጥፋ።

ከሦስት ወር በኋላ በዚያው ሚዛን እንደገና ለአምስት ቀናት መዝኑ፤ ሁለቱንም ቁጥሮች ጎን ለጎን ጽፋችሁ ሠራተኛው ሁሉ በሚያየው ሰሌዳ ላይ ለጥፉ።