የኮርሳ ሳይክል ሽቦ ለምትቀይሩ
የድሬ ልጆች፣ የኮርሳ ሳይክላችሁን የፍሬንና የማርሽ ሽቦ ስትቀይሩ ሽቦው የሚያልፍበትን ሽፋን ለመቁረጥ አትቸኩሉ። መጀመሪያ መሪው ላይ በፕላስተር አጣብቁትና መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙሩት። ከተወጠረ አጥሯል፤ ጨምሩበት። የተቆረጠውን ጫፍ በሞረድ አስተካክሉ፣ የተደፈነውን ቀዳዳ በወስፌ ክፈቱት።

አደራ የምላችሁ ግን የማርሽ ሽፋን ለፍሬን እንዳታደርጉ ነው! ሽፋኑ ራሱ የተሠራባቸው ሽቦዎች በቁመት የተደረደሩ ስለሆኑ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጋችሁ ስትይዙ ሊፈነዳ ይችላል። የፍሬኑ ሽፋን እንደ ስፕሪንግ የተጠመጠመ ስለሆነ ጉልበቱን ይችለዋል። በተለይ የደንገጎን ቁልቁለት የምትወርዱ፣ ይህን ሳታዩ አትነሱ። የመሪውን ፋሻ የምትጠቀልሉት ፍሬኑን ደጋግማችሁ ከሞከራችሁ በኋላ ነው።