ዲኤሲው የሚያወጣው ቮልቴጅ መለኪያው ላይ ሲጎድል

ባለ 16 ቢት ዲኤሲ (ከዲጂታል ወደ አናሎግ መቀየሪያ) ተጠቅሜ አንድ የቮልቴጅ መለኪያ ሰርኪዩት ስፈትሽ፣ ንባቡ ዜሮ ላይ ትክክል ቢሆንም ቮልቴጁ ከፍ ባለ ቁጥር እየጎደለ ሄዶ 2.5 ቮልት ላይ ጉድለቱ 15 ሚሊቮልት ገደማ ደረሰ። ሪፈረንሱን (ዲኤሲው መነሻ የሚያደርገውን ቋሚ ቮልቴጅ) ቀየርሁ፤ የብዙ ንባቦችንም አማካይ ወሰድሁ፤ አማካይ ግን የሚቀንሰው ኖይዝን (የንባቡን የዘፈቀደ መዋዠቅ) ብቻ ስለሆነ ሁለት ቀን በከንቱ አለፈ።

በመጨረሻ መልቲሜትሩን በዲኤሲው መውጫ ላይ ትቼ ሰርኪዩቱን ስነቅለው ቮልቴጁ ወዲያው ከፍ አለ። ለካስ መውጫው ባፈር (መውጫውን ከተያያዘው ሰርኪዩት ጭነት የሚጠብቅ ማጉያ) የሌለውና 6.25 ኪሎኦም ሬዚስታንስ ያለው ነው፤ የሰርኪዩቱ መግቢያ 1 ሜጋኦም በመሆኑም ከቮልቴጁ 0.62 በመቶ ያህሉ እዚያው መውጫው ውስጥ ይቀራል። በመካከላቸው ዝቅተኛ ኦፍሴት (የራሱ የዜሮ ስህተት) ያለው ኦፕ-አምፕ (ማጉያ ቺፕ) በ1 እጥፍ ጌይን፣ ማለትም ቮልቴጁን ሳይለውጥ እንዲያሳልፍ አድርጌ፣ ሳስገባ ጉድለቱ ጠፋ። በነጠላ የኃይል ምንጭ የሚሠራ ኦፕ-አምፕ ግን እስከ ዜሮ ድረስ ስለማይወርድ፣ አነስተኛ ኔጌቲቭ ቮልቴጅ ጨምሬለታለሁ።