ከእንጀራው በፊት ሻዩን

ሐኪም "ክብደት ቀንስ" ሲለው እንጀራ ትቶ ጥብስ በቅቤ የሚጀምር ሰው ድሬ ላይ አይጠፋም። ወሪያ፣ ልቡን ለሚያመው ሰው ይሄ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ካርቦሃይድሬት፣ ማለትም ስኳሩን፣ ዱቄቱንና ሩዙን መቀነስ ክብደትንም ትሪግሊሰራይድ የሚባለውን የደም ስብም ያወርዳል። ግን ቦታውን ቅቤና የሚረጋ ዘይት ከያዙት መጥፎው ኮሌስትሮል ይጨምራል።

መጀመሪያ የምትውጣቸውን መድኃኒቶች ይዘህ ሐኪምህ ጋ ሂድ። ይሄን አትዝለል። ለስኳር በሽታ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን ክኒን የሚወስድ ሰው እህል በድንገት ሲቀንስ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። የግፊትና የሚያሸና መድኃኒትም ክብደትህ ሲወርድ ሊበዛብህ ይችላል፤ የኛ ሙቀት ተጨምሮበት ከወንበር ስትነሳ ያዞርሃል። ዋርፋሪን የሚባለውን፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ደግሞ ጎመን በአንዴ አታብዛ፣ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ሥራ ያዳክማል። ብላ፣ ግን መጠኑ ከሳምንት ሳምንት ተቀራራቢ ይሁን።

ከየት ልጀምር ካልክ ከሻዩ። ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ በቀን አምስቴ ከጠጣህ 60 ግራም አካባቢ ስኳር ገባ ማለት ነው። በርጫ ላይ የሚወርደውን ለስላሳ ጨምርበት፣ አንዱ ጠርሙስ ብቻውን 30 ግራም ገደማ አለው። ጫቱ ራሱም የልብ ምትና ግፊት ይጨምራል፣ ሰሚ የለም እንጂ። ከሰዓት ሙሉ የምግብ ፍላጎትህን ይዘጋና ማታ ሲለቅህ ፉሉን በሁለት ዳቦ ታነሳዋለህ።

ምሳ ላይ ሩዝ በሙዝ፣ ስፓጌቲ በዳቦ የምንበላ ሰዎች ነን። ከሁለቱ አንዱን ተው። የሳህኑን ግማሽ ቆስጣ፣ ጥቅል ጎመንና ሰላጣ ሙላው፣ ሩቡን ቆዳው የተገፈፈ ዶሮ፣ ዓሣ ወይም ምስር፤ እንጀራው በቀረችው ሩብ ይብቃቃ። ሽሮና ምስርም ካርቦሃይድሬት አላቸው፣ ግን አሰር (ፋይበር) ስላላቸው ስኳራቸው ወደ ደም የሚገባው ቀስ እያለ ነው፤ አትፍራቸው። ወጡን በፈሳሽ የሱፍ ዘይት ሥራ፣ ከጠርሙሱ ሳይሆን በማንኪያ እየለካህ። የባቢሌ ለውዝ ያለ ጨው አንድ እፍኝ ጥሩ ነው፤ ሰሃን ሙሉ ግን አይደለም። ማንጎም ፍሬውን ትንሽ ብላ እንጂ ጭማቂ አታድርገው።

ኬቶ የሚሉትን፣ እህል ጭራሽ የሚከለክለውን፣ ብቻህን አትሞክር።

ጠዋት ጠዋት ሽንት ቤት ደርሰህ፣ ቁርስ ሳትበላ ተመዘን። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የሚወርደው አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ብዙ አትደሰት። በተቃራኒው በ3 ቀን 2 ኪሎ ከጨመርክ፣ እግርህ ካበጠ ወይም ተኝተህ ትንፋሽ ካጠረህ፣ "ትናንት ስለበላሁ ነው" ብለህ አትለፈው፤ ልብህ ውሃ እያጠራቀመ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂድ።