የቤት እድሳት ፍራንቻይዝ ልትገዙ ነው? ከመፈረማችሁ በፊት

ደብረ ብርሃን ያለው የአክስቴ ልጅ ይደውላል። ከሸዋ ሮቢት ዲቪ ደርሶት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የገባው ይደውላል። ከመሐል ሜዳ የመጣችው ደግሞ ባሏን ታስደውላለች። ጥያቄው አንድ ነው፦ «ቤት የሚያድስ ፍራንቻይዝ አለ አሉ። ስም አለው፣ ሥልጠናውንም ራሳቸው ይሰጣሉ። ልግዛ ወይ?» ፍራንቻይዝ ማለት በአንድ ኩባንያ ስምና አሠራር የራሳችሁን ሥራ ለመሥራት የመግቢያ ክፍያ ከፍላችሁ፣ ከዚያም ከሽያጫችሁ ላይ ለኩባንያው እየቆረጣችሁ የምትሰጡበት ውል ነው። አንዱማ የደወለልኝ ደብረ ብርሃን ጠባሴ ያለውን የአባቱን ቤት ለሽያጭ ካወጣ በኋላ ነው። ከእንግዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምልከው ይህንን ነው፤ ሳያነብ መልሶ የሚደውል ስልኬን አላነሳለትም።

አገር ቤት ግንበኛ ወይም አናጢ ነበርኩ ማለት ሥራውን አውቀዋለሁ ማለት አይደለም። እኛ ጋ ሲሚንቶውንም ሴራሚኩንም ገዝቶ የሚያቀርበው ባለቤቱ ነው፤ ባለሙያው የሚነጋገረው በእጅ ዋጋ ብቻ ነው። እዚህ አሜሪካ ባለቤቱ ሚስማር አይገዛም። ቁሳቁሱ፣ የግንባታ ፈቃዱ፣ ሠራተኛው፣ ፍርስራሹን የሚወስደው መኪና ሁሉ በእናንተ ነው። ግድግዳውም ብሎኬት ሳይሆን የእንጨት ቋሚና ድራይዎል (የጂፕሰም ሰሌዳ) ነው። ይህ ይለመዳል። የሚከብደው ሌላው ነው፤ የፍራንቻይዝ ባለቤት ዋና ሥራ መሸጥ ነው። ማታ ሰው ቤት ገብቶ፣ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ፊት ተቀምጦ የ30 ሺህ ዶላር የመታጠቢያ ቤት ውል ማስፈረም። እኛ ደግሞ ዋጋ ስንጠራ አንገታችንን የምንደፋ ሰዎች ነን። ስለዚህ መጀመሪያ ሌላ ሰው ዘንድ ተቀጥራችሁ ሥሩ። ሜሪላንድ ውስጥ የቤት እድሳት ኮሚሽኑ ፈቃድ የሚሰጠው የ2 ዓመት ልምድ ላሳየና ፈተናውን ላለፈ ነውና ጊዜው በከንቱ አይሄድም። ቨርጂኒያም የራሷ የኮንትራክተር ፈቃድ አላት፤ የ8 ሰዓት ኮርስም ትጠይቃለች። ፍራንቻይዝ መግዛት ፈቃድ ማግኘት አይደለም። ይህንን ስንት ጊዜ ልናገር?

ደንቦቹን ቶሎ ቶሎ ልዘርዝራቸው። ሜሪላንድ ውስጥ ቅድመ ክፍያ ከውሉ ዋጋ ሲሶ መብለጥ አይችልም። ደንበኛው ቤቱ ሆኖ ከፈረመ በፌዴራል ደንብ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ውሉን መሰረዝ ስለሚችል፣ ቀኑ ሳያልፍ ቁም ሳጥን አትዘዙ። በፈረንጆቹ ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ከሆነ ቀለሙ እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል፣ ከአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ የምስክር ወረቀት ሳይኖራችሁ ግድግዳ አትፋቁ። ቅጣቱ የምታገኙትን ትርፍ ጠራርጎ ይወስዳል።

አሁን ሒሳቡ። ሮያሊቲ፣ ማለትም በስሙ ስለሠራችሁ ለኩባንያው የምትሰጡት ድርሻ፣ የሚቆረጠው ከትርፍ ሳይሆን ከጠቅላላ ሽያጭ ነው። የ30 ሺህ ዶላሩን ሥራ ውሰዱ። ሮያሊቲው 6 በመቶ፣ የማስታወቂያ ፈንዱ 2 በመቶ ቢሆን 2,400 ዶላር ሄደ። ቁሳቁስና ጉልበት 60 በመቶ ቢበላ 18 ሺህ ሄደ። ውሉን ላስፈረመው የሽያጭ ሠራተኛ 10 በመቶ፣ ደንበኛ ለመፈለግ ሌላ 10 በመቶ አውጡ፤ 6 ሺህ። የተረፈው 3,600 ዶላር ነው፤ ኢንሹራንሱ፣ መኪናው፣ ቢሮውና የእናንተ እንጀራ ከዚያ ላይ ነው። ሠራተኛው ሴራሚኩን አጣሞ ዳግም ካሠራችሁ ያም የለም። ብዙ ውሎች ደግሞ ዝቅተኛ የሮያሊቲ ወለል አላቸው፤ በረዶ ወርዶ አንድም ሥራ ባልገባበት ወርም ትከፍላላችሁ።

ዋናው ጉድጓድ ግን ሌላ ነው፤ እኔ ስለገባሁበት ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። «ነጻ የፍራንቻይዝ አማካሪ» የሚባል ሰው አለ። አማርኛ ይናገራል፣ ቤተ ክርስቲያን አብሯችሁ ያስቀድሳል፣ ከእናንተ ሳንቲም አይቀበልም። ለምን አይቀበልም? የፈረማችሁ ዕለት ከመግቢያ ክፍያችሁ ላይ ኩባንያው ስለሚከፍለው ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ቤት የሚያሳያችሁን ደላላ ጣሪያው ያፈሳል ወይ ብላችሁ ታምኑታላችሁ? የእኔው አማካሪ የመጀመሪያ ዓመት ሽያጬን በቁጥር ነገረኝ፤ በደረሰኝ ጀርባ ላይ ሳይቀር ጻፈልኝ። በመፈረሚያው ቀን ከወፍራሙ ውል ጋር አንዲት ስስ መጠይቅ መጣች፦ «ከሰነዱ ውጭ ስለ ሽያጭ ወይም ትርፍ የነገረህ ሰው አለ?» «ለፎርማሊቲ ነው፣ የለም በል» አለኝ፤ የለም ብዬ ፈረምኩ። ሽያጩ የተባለውን ግማሽ አልደረሰም። ቅሬታ ሳቀርብ ጠበቃቸው ያወጣው ያቺኑ ወረቀት ነው። ዘመዶቼ «ሽማግሌ ይላክባቸው» አሉ። ውሉ ግን ክርክር የሚታየው ኩባንያው ባለበት ክፍለ ግዛት፣ በግልግል ዳኛ፣ በራሴ ወጪ ነው ይላል። ሽማግሌ የሚላክበት በር የለውም።

ሕጉ ለእናንተ ያስቀመጠውን እወቁ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በሚያስገድደው መሠረት ፍራንቻይዙን የሚሸጠው ኩባንያ ኤፍዲዲ የተባለ፣ ስለ ፍራንቻይዙ የሚገልጽ ባለ 23 ክፍል ሰነድ፣ ከመፈረማችሁም ሆነ ገንዘብ ከመክፈላችሁ ቢያንስ 14 ቀን አስቀድሞ ሊሰጣችሁ ይገባል። ስለ ገቢ የሚነገር ቁጥር ሁሉ መገኘት ያለበት ክፍል 19 ውስጥ ነው። ክፍል 19ን ባዶ መተው ይፈቀድላቸዋል፤ ባዶ ትቶ በቃል ቁጥር መንገር ግን ክልክል ነው። ስለዚህ ቁጥር የነገራችሁን ሰው «ክፍል 19 ላይ የት እንዳለ በኢሜይል ላክልኝ» በሉት። ዝም ካለ መልሱ ያ ነው። መጠይቁ ከመጣ «አዎ፣ እገሌ ይህን ያህል ብሎኛል» ብላችሁ ጻፉ፤ ያኔ ፊታቸው ሲለወጥ ታያላችሁ። በፈረንጆቹ ከ2023 መጀመሪያ ወዲህ፣ ፍራንቻይዝ ከመሸጡ በፊት የሚመዘግቡ ክፍለ ግዛቶች ተቆጣጣሪዎች እንዲህ ያለውን መጠይቅ እያጠበቡት ነው፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያም ከመዝጋቢዎቹ ናቸው። መዝገብ በሌለበት ክፍለ ግዛት ግን ጠባቂያችሁ ራሳችሁ ናችሁ። ለጠበቃም ክፈሉ፤ የፍራንቻይዝ ጠበቃ እንጂ የኢሚግሬሽን ጉዳያችሁን የያዘውን አይደለም።

«ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ) ስላቋቋምኩ ቤቴን አይነኩም» የሚል አለ። ይነኩታል። ኩባንያው በግላችሁ ዋስ ያስገባችኋል፣ ብዙ ጊዜ ሚስትንም ጨምሮ። በኤስቢኤ፣ ማለትም በመንግሥቱ የአነስተኛ ንግድ መሥሪያ ቤት፣ ዋስትና ከተበደራችሁም 20 በመቶና ከዚያ በላይ ድርሻ ያለው ሁሉ በግሉ ይፈርማል። ኤስቢኤ የዜግነት ደንቡንም እያጠበቀ ስለመጣ፣ ግሪን ካርድ ብቻ ያላችሁ የመግቢያ ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት ባንኩን ጠይቁ።

ገና አገር ቤት ላላችሁ ደግሞ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው በር አለ። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር በ1951 በፈረንጆቹ በተፈራረመችውና በ1953 በጸናው ስምምነት ምክንያት ዜጎቿ የኢ-2 የኢንቨስተር ቪዛ መጠየቅ ይችላሉ፤ ፍራንቻይዝም ለዚህ ያገለግላል። ይሁንና ቆንስላው ገንዘቡ ከየት መጥቶ በየት እንዳለፈ በወረቀት ይጠይቃል። የደብረ ብርሃኑ ቤት የሽያጭ ውል፣ የባንክ መግለጫው፣ ዝውውሩ፣ ሁሉም። በጥቁር ገበያ የተሻገረ ዶላር ዱካ የለውምና ቤቱም ቪዛውም አብረው ይሄዳሉ። አባት ያቆየውን ቤት በዚህ መንገድ መሸጥ ለእኔ እብደት ነው፤ የሚቀየመኝ ይቀየመኝ።

በመጨረሻ ክፍል 20ን ክፈቱ። አሁን የሚሠሩትም፣ ባለፈው የበጀት ዓመት የወጡትም ባለቤቶች አድራሻ እዚያ አለ። «ደስተኛ ነህ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ድርሻውን ሊሸጥላችሁ የሚፈልግ ሰው ሁሌም ደስተኛ ነው። ለራሱ ደመወዝ መክፈል የጀመረው በስንተኛው ወር እንደሆነ፣ ኩባንያው ከላከለት ደንበኛ ስንቱ እንደፈረመ፣ ሠራተኛ ጥሎት ሲሄድ ማን እንደደረሰለት ጠይቁ። ስልክ መደወሉን ከወጡት ጀምሩ።