የተለያየ እምነት ያላቸውን ወጣቶች ሲያቀራርቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያውና እጅግ የተለመደው ስህተት ታሪክን ገምሶ መንገር ነው። በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከመካ የተሰደዱትን የነቢዩ ሙሐመድን ተከታዮች የአክሱሙ ንጉሥ ተቀብሎ እንዳስጠለላቸው እንናገርና፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ወሎ ተሻግረን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ (የቀብር መረዳጃ ማኅበር) ታቅፈው አንዱ የሌላውን ቀብር እንደሚሸኝ እናክላለን። ሁለቱም እውነት ናቸው። ሆኖም በዚያው በወሎ በ1870 ዓ.ም. ከተካሄደው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ ማስገደዳቸውን፣ ከዚያ ሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ደግሞ በኢማም አሕመድ ዘመቻ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት መቃጠላቸውን ሳናነሣ ብናልፍ፣ ወጣቱ የተዘለለውን ግማሽ ከስልኩ ማግኘቱ አይቀርም፤ በዚያ የሚነግረው ሰውም ለዕርቅ ብሎ አይነግረውም። በእኔ እምነት የሚሻለው ክርስቲያኑ ወጣት የቦሩ ሜዳውን፣ ሙስሊሙ ደግሞ የአብያተ ክርስቲያናቱን ቃጠሎ አንብቦ ለጓደኞቹ እንዲተርክ ማድረግ ነው። የሌላውን ቁስል በራሱ አንደበት የተረከ ልጅ ነገሩን አቃልሎ ለማለፍ ይከብደዋል።

«ሁላችንም አንድ ነን» ብሎ መጀመርም ሌላው ስህተት ነው። አጥብቆ የሚያምን ወጣት ይህን ሲሰማ እምነቱን አለዝብ የተባለ ስለሚመስለው አፉን ይዘጋል። «መቻቻል» የሚለውን ቃል እንኳ ሸክም የመሸከም ያህል ስለሚሰሙት የማይወዱት ጥቂት አይደሉም። በተቃራኒው የዶግማ ክርክር መክፈት የባሰ ነው፤ ማኅበራዊ ሚዲያው በዚህ ስለተጥለቀለቀ እኛ ልንጨምርበት አይገባም።

ሰዓትና መስተንግዶ እንደ ጥቃቅን ጉዳይ መታየታቸው ብዙ ያስከፍላል። እኔው ራሴ በአንድ ወቅት ውይይቱን ለዓርብ ስድስት ሰዓት ተኩል ቀጥሬ፣ ሙስሊሞቹ ወጣቶች ይቅርታ እየጠየቁ አንድ በአንድ ለጁምዓ ሲወጡ ተመልክቻለሁ፤ ለቀሩት የቀረበው ሳምቡሳ ደግሞ የሥጋ ስለነበረና ዕለቱም የጾም ቀን ስለሆነ፣ ትሪው እንደ ሞላ ተመለሰ። ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም በየራሱ ወገን ካልታረደ በቀር ሥጋ እንደማይበላ እያወቅሁ የምስር ሳምቡሳ ማዘዝን አለማሰቤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው እንደገቡበት እንደ 2017 ዓ.ም. ባለ ጊዜ ደግሞ የተሻለው ሁሉንም ከኢፍጣር በኋላ በጾም ምግብ ማገናኘት ነው።

«ሁለቱ ሃይማኖቶች» እያሉ መናገርም ይቅር። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ፕሮቴስታንቶች 18.6 በመቶ ነበሩ፤ ካቶሊኮችና የኦሮሞን ባህላዊ እምነት የሚከተሉ ዋቄፈታዎችም አሉ። «ጴንጤ»ን ወይም «እስላም»ን የመሰለ አጠራር ከመጠቀም በፊት ወጣቱን ምን ተብሎ መጠራት እንደሚፈልግ መጠየቅ ይበጃል።

የመጨረሻው ስህተት ጠብ ከተነሣ በኋላ ብቻ መሰባሰብ ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በጎንደር በአንድ ሙስሊም የሃይማኖት አባት ቀብር ላይ ግጭት ተነሥቶ ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ደግሞ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት በምትገኘው ወራቤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። በሁለት ቀን ውስጥ አዲስ ወዳጅነት አይመሠረትም። ስለዚህ በሰላሙ ጊዜ እያንዳንዱ ወጣት ከሌላው እምነት የሚያምነውን የአንድ ጓደኛ ስልክ ቁጥር እንዲይዝና የሚያስቆጣ ቪዲዮ ሲደርሰው ለማንም ከማጋራቱ በፊት መጀመሪያ ለእርሱ ደውሎ «ይህ ነገር እናንተ ሰፈር እውነት ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ማለማመድ ያስፈልጋል።