ማስታወሻ ለምን እንደሚጽፉ ከራሱ ከደብተሩ ማወቅ

«ለምን እጽፋለሁ?» ለሚለው ጥያቄ ባዶ ገጽ ላይ የሚመጣው መልስ ሁሉ ያማረ ነው፤ ስለዚህ አይታመንም። የሦስት ወር ማስታወሻ ይዘው ጣና ዳር ጥላ ሥር ይቀመጡ። ጠዋት ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ ገጽ ያገላብጣል።

በእያንዳንዱ ጽሑፍ ጠርዝ አንድ ፊደል ያስፍሩ፦ «ት» ለትዝታ፣ «ብ» ለብሶት፣ «ሐ» ለሐሳብ፣ «ታ» ለታይታ። የምታስቸግረው የመጨረሻዋ ናት። መለያዋ፣ ራስዎ አሳምረው የሚያውቁትን ማብራራትዎ ነው፤ የባሕር ዳር ሰው ለራሱ «ዓባይ ከጣና ይወጣል» ብሎ አይጽፍም፤ ከጻፈ ግን እዚያ ቦታ ላይ ሌላ አንባቢ አስቧል።

ብሶት ከግማሽ ከበለጠ ደብተሩ መተንፈሻ ሆኗል። ነውር የለውም፤ ግን ከሥሩ «ነገ ምን ላድርግ?» የሚል መስመር ይጨምሩ። በክረምት እርጥበት የብዕር ቀለም ስለሚፈስ በተራ እስክሪብቶ ይጻፉ።