ለሰርግ ዲጄ ስትይዙ
ለጥር ሰርግ ዲጄ የምትፈልጉ፣ ከአሁኑ ያዙ። ከገና እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለችው ጊዜ አጭር ናት፤ ጎበዞቹ ቀድመው ይያዛሉ።

ዲጄውን በቲክቶክ ቪዲዮ ብቻ አትምረጡ። አራት ኪሎም ይሁን ሜክሲኮ አካባቢ፣ አዳራሽ ውስጥ ሲሠራ ሄዳችሁ ስሙት። ካልሆነም ያሠራውን ሰው ጠይቁ። እኔ በዋናነት የማየው አንድ ነገር ነው፤ ከጉራጊኛ ወደ ኦሮምኛ፣ ከትግርኛ ወደ ጎጃም እስክስታ ሲሻገር ጨዋታው ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል? የአንዱ ወገን ዘፈን ሳይነካ ከቀረ አክስቶች ከወንበራቸው አይነሱም። ያሳዝናል። ስለዚህ የሁለቱንም ቤተሰብ ዘፈኖች ጽፋችሁ ቀድማችሁ ስጡት። ሙሽሮች ሲገቡ የሚከፈተውንም ለይታችሁ ንገሩት፤ እነሱ በር ላይ ቆመው ዘፈን ሲፈለግ ደስ አይልም።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ራሱ እንደሚመጣ ውሉ ላይ አስጽፉ። በሰርግ ወቅት አንዳንዱ በአንድ ቀን ሁለት ሥራ ይይዝና ረዳቱን ይልካል። መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተሩ ስፒከሩን ይችል እንደሆነም የአዳራሹን ሰው ጠይቁ። ስፒከሩ ደግሞ ከሽማግሌዎቹ ጠረጴዛ ራቅ ይበል።